ሦስት ሽማግሌና አንድ የይለፍ ቃል

ሰው ከሌባ የሚጠነቀቀውን ያህል ከገዛ ጥንቃቄው ቢጠነቀቅ ኖሮ የዚህ ዓለም ችግር በግማሽ ይቀል ነበር እላለሁ። ይህን የሚለው ማን እንደሆነም እወቁልኝ፤ በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ቆልፌው ይሆን ብሎ ተመልሶ የሚነካካ፣ ነካክቶ ሲሄድ ደግሞ ስነካካው ከፍቼው ይሆን ብሎ ዳግመኛ የሚመለስ ሰው ነው። ባለቤቴ፣ የእኛን ቤት ለመስረቅ ያሰበ ሌባ እኔ ከበሩ እስክለይ ሲጠብቅ ያረጃል ትላለች። ማጋነኗ ነው። ሌባም ቢሆን ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ያን ያህል አይጠብቅም።

ታከለ እባላለሁ። እዚህ ገንዳ ውሃ የአንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጆንያ ሲገባ አያለሁ፣ ጆንያ ሲወጣ አያለሁ፣ በመካከሉ አይጥ አባርራለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ለአይጥ ይበቃል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት የመጋዘናችንን በር ላስተዋውቃችሁ። በሩ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በሊቀመንበራችን በአቶ ደስታው እጅ ነው፣ አንዱ የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ በሆኑት በሐጂ ኢድሪስ፣ አንዱ በእኔ። ማታ ሦስታችንም ቆመን እንዘጋለን፣ ጧት ሦስታችንም ቆመን እንከፍታለን። እኛ የፈጠርነው ሥርዓት አይደለም፤ የደብር ዕቃ ቤትም እንደዚሁ ሲዘጋ ነው ያደግሁት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እንከባበራለን፣ ግን አንተማመንም። ሁለቱ ለየብቻ ከተያዙ ማኅበር ይጸናል። አንድ ላይ ሲደባለቁ ነው ጣጣው።

እንግዲህ ከመከር በፊት "ዘመናዊ አሠራር" የሚባለው ነገር ወደ እኛም ደረሰ። ከጎንደር ብሩክ የሚባል ባለሙያ ኮምፒዩተር ጭኖ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእኛ ቃል ከሁለት አይበልጥም። ያመጣው ነገር በኢንተርኔት እንደሚታየው ድረ ገጽ ያለ ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ እዚያው ቢሯችን ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተተክሎ ይሠራል። ለእኛ አገር ኔትወርክ የሚስማማ መሆኑ ገባኝ። ከቤት የማይወጣ ድረ ገጽ። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ይህ ነውር አይደለም።

መጀመሪያ ያለማመደን የሙከራ ዳታቤዝ በሚሉት ላይ ነበር። እንደ ልባችሁ ጻፉበት ተባልን፤ ጻፍን። ሊቀመንበራችን በዚያ ሙከራ ላይ ከራሳቸው ማሳ ያስገቡት ሰሊጥ ሱዳንን ከነጎረቤቷ ዘይት የሚያጠጣ ነበር። በመጨረሻ ብሩክ፣ ይህ የልምምድ ስለሆነ ይጠፋል፣ ለሥራው ዋናውን ባዶ አድርገን እናዘጋጃለን ሲል ፊታቸው አመድ መሰለ። ጥቂቱን እንኳ ወደ ዋናው ማሻገር አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁት። አይቻልም አላቸው። እንዲህ ያለ የጥጋብ ዓመት በአንድ ጣት ሲጠፋ ሳይ እኔም አዘንኩ።

ነገሩ የከበደው ዋናው ሲዘጋጅ ነው። ብሩክ ለእኔ እንዲገባኝ ብሎ በጆንያ ቋንቋ አስረዳኝ፤ ዳታቤዙ መጋዘን ነው፣ አፕሊኬሽኑ ደግሞ ዕቃ የሚያስገባና የሚያወጣ ወዛደር ነው። ወዛደሩ መጋዘኑን የሚከፍትበት የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል። ቃሉ በማስተካከያው ፋይል ውስጥ ይጻፍለታል፤ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር እሱ ራሱ አንብቦ ይከፍታል። ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው አለ።

ሐጂ ኢድሪስ ከሦስታችን ትልቁ ናቸው። ጕልምስናቸውን ገላባትና መተማ ዮሐንስ መካከል ሲነግዱ ስላሳለፉ ከመተማመን ይልቅ መያዣ ይወዳሉ። መቁጠሪያቸውን አቆሙና፣ “ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ቁልፉን ወዛደሩ ኪስ ውስጥ ከትተን እኛ ልንተኛ ነው?” አሉት።

ብሩክ ፋይሉ በቀላሉ የማይታይ መሆኑን፣ ፈቃድ የሌለው ሰው እንደማያነበው ሊያስረዳ ሞከረ። ሊቀመንበሩ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉት። እኔ ደግሞ፣ ስለማይታየው ነገር ነው ይበልጥ የምሰጋው አልኩት። ወዲያው ስብሰባ ተቀመጥን፤ በሙሉ ድምፅም ወሰንን። የይለፍ ቃሉ ሦስት ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቁራጭ በልባችን እንይዛለን። የትም አይጻፍም። ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ሦስታችን ቀርበን እናስገባለን። ብሩክ ግንባሩን አሻሸና፣ እንደዚያ ከሆነ ኮረንቲ በጠፋ ቁጥር ሦስታችሁም መገኘት አለባችሁ አለ። ምን ችግር አለው፣ በሩንስ እንደዚያ አይደል የምንከፍተው?

ደግሞም ለኮረንቲ መጥፋት ብሎ ባትሪ አምጥቶልን ነበርና አልሰጋንም። ባትሪው እሱ በሄደ ማግስት ለበለጠ ጥበቃ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ተወሰደ። እስከ ዛሬ በሚገባ እየተጠበቀ ነው፤ ቴሌቪዥናቸውም ሳይቋረጥ ይታያል።

በተባለው ቀን አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እኔ በበኩሌ ነጠላዬን ኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ድንኳን ዘርግቼ፣ ቃሉ ተጻፈ። የእኔን ቁራጭ እዚህ አልነግራችሁም። አትቀየሙኝ፤ እናንተን ሳይሆን ከኋላችሁ ቆሞ የሚያነበውን ነው የፈራሁት።

ከዚያ መከሩ ደረሰ፤ ማሽኑም ሌት ተቀን ሳይጠፋ ሠራ፤ ኮረንቲም አንድ ቀን እንኳ አልከዳንም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይል ነበር። ሰሊጥ የጫነ መኪና ደጃፍ ሲደርስ ጸሐፊያችን "ደጅ ደርሷል" ብላ ትመዘግባለች፤ በሩ አጠገብ ባለው ሚዛን ይመዘናል፤ ደረሰኝ ከማሽኑ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ነው መጋዘን የሚገባው። ያለ ማሽን ደረሰኝ አንድ ጆንያ ከደፍ አይዘልም የሚለውን ሕግ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በጭብጨባ ነው የጸደቀልኝ። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው፤ ከተጨበጨበ በኋላ ሕጉን መለወጥ ራስን እንደ መስደብ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አንጓች ከኮኪት በኩል በትራክተር ተሳቢ ሰሊጧን አስጭና መጣች። ባሏ ከታመመ ወዲህ እርሻውን የያዘችው እሷ ናት። አሳርሳ፣ አሳርማ፣ አሳጭዳ፣ ክምሩን ከእሳትና ከከብት ጠብቃ፣ የዓመቱን ልፋት በሙሉ በዚያ ተሳቢ ላይ ጭናዋለች። ሌላ ሰሊጥ የላትም። ጸሐፊዋ "ደጅ ደርሷል" ብላ መዘገበችላት። ያን ጊዜ ኮረንቲ ጠፋ።

የኮረንቲው መጥፋት ብቻውን ባልከፋ። ከወደ ደጋው ግን ጥቁር ደመና ተነሥቶ እየመጣ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ካበቃ ወዲያ እንዲህ ያለ ደመና በእኛ አገር የሰሊጥ ጠላት ነው። የረጠበ ሰሊጥ ይጠቁራል፣ ይሻግታል፤ ነጋዴ በጣቱ ነካ አድርጎት ያልፋል። በተሳቢው ላይ ደግሞ ሸራ የለም።

ወይዘሮ አንጓች ወደ እኔ መጥታ፣ “አያ ታከለ፣ በሩ ክፍት ነው፣ ጣራው አለ፣ ሰሊጡ አለ። ምንድን ነው የጎደለው?” አለችኝ።

ደረሰኙ ነው አልኳት።

“ደረሰኝ ነው እንዴ ከዝናብ የሚያስጥለው?”

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ትክክለኛ ጥያቄ ሁሉ ትክክለኛ መልስ ያለው ይመስላችኋል? ያልተመዘነ ጆንያ ገብቶ ከሌላው ቢደባለቅስ? ነገ ጎደለኝ ብትልስ? ሌላው ለእሷ ተፈቅዶ ለእኔ ለምን ብሎ ቢከስስስ? እኔ እንዲህ ነኝ፤ ደመናው አንድ እርምጃ ሲቀርብ ሥጋቴ አሥር እርምጃ ይቀድመዋል። አሁን ጄኔሬተር አስነሥተን እንከፍተዋለን፣ ትንሽ ታገሺ ብያት ወደ ቢሮ ሮጥኩ። ሮጥኩ ያልኩት በእኔ ዕድሜ ሚዛን ነው።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ኮምፒዩተሩ በራ። የይለፍ ቃል አለ። ሊቀመንበሩ ከቤታቸው፣ ሐጂ ከዐስር ሶላት ተጠርተው መጡ። እንዲያውም ፈጥነው ነው የመጡት፤ ሦስታችን በአንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ፊት ቆምን። እዚህ ላይ ቆምን። እኔ ለሐጂ፣ እርስዎ ይቅደሙ አልኩ። ሐጂ፣ ሊቀመንበር እያለ እንዴት ተደርጎ አሉ። ሊቀመንበሩ፣ በአባቶቼ ፊትማ አልቀድምም አሉ። እኔ፣ ኧረ በፍጹም አልኩ። ሐጂ፣ በአላህ ብለው የእኔን ክንድ ያዙ። እኔ ደግሞ በሥላሴ ብዬ የሳቸውን ያዝኩ። ይህን ስታነቡ የምንቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። ቀልድ አይደለም፤ አስተዳደግ ነው። ሰው በር ላይም ማዕድ ላይም ሳይግደረደር ከቀደመ ያላደገ ነው የሚባለው። በመጨረሻ በዕድሜ ስለሚበልጡን ሐጂን አሸነፍናቸው። ቢስሚላህ ብለው ጻፉ። ቀጥዬ እኔ ጻፍኩ። ሊቀመንበሩ ደመደሙ።

ማሽኑ ተሳስታችኋል አለ።

ተመልከቱ፤ ተሳስታችኋል ነው ያለው እንጂ ማን እንደተሳሳተ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ነገር በሦስት ሽማግሌ መካከል መጣል ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? የጻፍነው ደግሞ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ ማስረጃ የለም። ሁለተኛ ሞከርን፤ ቀስ ብለን፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ትንፋሹን ውጦ። አሁንም ተሳስታችኋል። ከዚያ በኋላ መከባበሩ ቀለል አለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ እያዩ፣ በዕድሜ መርሳት ያለ ነው አሉ። እኔ፣ መርሳትስ ባትሪውን የት እንዳስቀመጡት የሚረሱ ሰዎችም አሉ አልኩ። ሐጂ፣ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው አደራ በቃሌ ይዤ ድንበር ስሻገር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሬ አንዲት ቃል ነው የምትጠፋኝ ብለው ተቆጡ። እያንዳንዳችን ቁራጫችን ትክክል መሆኑን ማልን። ቁራጩ ምን እንደሆነ ግን አንዳችንም አንናገር፤ ሚስጥር ነዋ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በመስኮት አንድ የጎጃም ሰው፣ ከወይዘሮ አንጓች ጋር የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ አንገቱን አስገባና፣ “አባቶቼ፣ ደመናው እናንተን አልጠበቀም፤ ደርሷል” አለን።

ያን ጊዜ ነው ብሩክን መጥራት ትዝ ያለን። ስልኩን ቶሎ አነሣ፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚናገር ሰው እየመጣ ይሄዳል። የሆነውን ነገርነው። ቁራጮቹ ትክክል ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ነው የተበላሸው፣ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ማን ነበር የቀደመው አለን።

እዚህ ላይ ሦስታችንም ጣታችንን ወደ ሌላው ቀሰርን።

አስቡት እስቲ። ያን ቀንም እንደ ዛሬው እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ ተባብለናል። እኔ የማስታውሰው ሐጂን ማስቀደሜን ነው። ሐጂ የሚያስታውሱት ሊቀመንበሩን ማስቀደማቸውን ነው። ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም ማስቀደማቸውን ያስታውሳሉ። ሁሉም ማስቀደሙን እንጂ መቅደሙን የሚያስታውስ የለም። ብሩክ በስልኩ ውስጥ፣ አባቶቼ፣ አንድ ሰው መቅደሙማ የግድ ነው አለ። ትክክል ነው፤ ግን ያ ባለጌ ከሦስታችን ማን ነው? እንዳጋጣሚ እያፈራረቃችሁ ሞክሩ እንዳይለን፣ ደጋግመን ከተሳሳትን ማሽኑ ለጥንቃቄ ይዘጋል። ይህንንም ያስደረግነው እኛው ነን። በጭብጨባ።

የቆርቆሮው ጣራ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ከዚያ ነጎድጓዱ መጣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሊቀመንበሩ ነጎድጓድ አይወዱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “የቀደሙት አያ ታከለ ናቸው” አሉ።

እኔ በፍጹም አልኩ። ቀድሜ ቢሆን እንዴት ይጠፋኛል?

“ፈርተው ስለነበረ ነው የጠፋዎት። ሐጂና እኔ ነን የገፋንዎት። ማሽኑ ኮረንቲ ይይዝ እንደሆነ አላወቅንማ።”

ሐጂን አየኋቸው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ “ማሌሽ፣ ይቅር ይበሉኝ አያ ታከለ” አሉ። “ሁለተኛው እኔ ነኝ። እርስዎ አለመውደቅዎን ካየሁ በኋላ።”

እንግዲህ ሦስተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። ሊቀመንበሩ ሁለታችንም በሕይወት መኖራችንን አረጋግጠው ነው የጻፉት። ስንቱን ሰርግና ስብሰባ ይቅደሙ እየተባልኩ በኩራት የቀደምኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ መጣ። ግን ለመቀየም ጊዜ አልነበረም። በየፍርሃታችን ቅደም ተከተል ተሰለፍን፤ እኔ ጻፍኩ፣ ሐጂ ጻፉ፣ ሊቀመንበሩ ደመደሙ። ማሽኑ ተከፈተ።

ተቃቀፍን። ብሩክም በስልኩ ውስጥ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። የደረሰኙን ማተሚያ አብርተን፣ ሦስታችንም የድል ፊት ይዘን፣ ወይዘሮ አንጓች ሆይ አሁን ግቢ ልንላት ወጣን። ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። ተሳቢው ባዶ ነው።

ተሰረቀ አልኩ፤ የእኔ አፍ ሌላ ቃል መች ያውቃል። በዝናቡ ውስጥ ወደ መጋዘኑ ሮጠን ስንገባ የወይዘሮ አንጓች ሰሊጥ በአንድ ጥግ፣ ከሌላው ጆንያ ተለይቶ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ ልክ እኔ እንደምደረድረው ተደርድሯል። አንዲት ጠብታ አልነካውም። ሠራተኞቹ ጆንያው ላይ ጋደም ብለዋል። እሷ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ዝናቡን ታያለች። እኛ ውሃ እያንጠባጠብን ፊቷ ቆምን።

“ቃሉን እስክታገኙት ልጠብቅ ብዬ ነበር” አለች፤ “ኋላ ሳየው ዝናቡ የይለፍ ቃል አይጠይቅም።”

ሊቀመንበሩ በሕግ ሊናገሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ካፍንጫቸው የሚወርደው ውሃ ግርማቸውን ስለወሰደው መልሰው ዘጉት። እኔስ? እኔ የሕጉ አባት ነኝ። ጆንያውን አየሁት፣ ደረቅ ነው። ማሽኑን አሰብኩት፣ እሱም ደረቅ ነው። የረጠብነው እኛ ብቻ ነን።

ዝናቡ ሚዛኑን ስላላስጠጋን ምዝገባውን ለነገ አሳደርነው፤ ችግሩ የመጣው ሲነጋ ነው። ጸሐፊዋ ልትመዘግብላት ስትል ማሽኑ እንቢ አለ። በእሱ ሥርዓት ሰሊጥ ከደጅ ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ መጋዘን ነው የሚሄደው፤ ደረሰኙም በዚያው በደረሰበት ቀን ካልወጣ መኪናው ደጅ እንደቆመ ይቀራል። ሊቀመንበሩ፣ ለሥርዓቱ ሲባል ጆንያው ወጥቶ ተሳቢው ላይ ይጫንና እንደገና ይግባ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ አንጓች፣ ከጫናችሁትማ አብሬው ወደ ኮኪት እመለሳለሁ አለች። ስለዚህ እዚያው መጋዘን ውስጥ በአሮጌው ሚዛን መዝነን፣ በእጃችን ደረሰኝ ጽፈን፣ ሦስታችን ፈርመን ሰጠናት። ብሩክም በስልክ፣ የማሽኑን መዝገብ ማረም በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው አለን። ነገር ግን አንዴ የገባ መረጃ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አይነካም ብለን ወስነናል። ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ እስካሁን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላለትም።

ሰሊጡ ግን አልጠበቀም። ገዢ መጣለት፣ በጥሩ ተሸጠ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ ሄደ። አሁን የት አገር ሰው ዳቦ ላይ ተነስንሶ እንደሚበላ እግዜር ይወቅ። በዳታቤዛችን ውስጥ ግን ዛሬም ደጃፋችን ላይ ቆሟል።

በቅርቡ ከዞን አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማሽናችንን አገላብጦ አየ። በጣም አመሰገነን። ሌላው ማኅበር መረጃውን እየሰረዘና እየደለዘ አስቸግሮታል፤ የእኛ ንጹሕ ነው፣ የተነካ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አሳዘነው። አንዲት ሴት አርሶ አደር ከመከር ጀምሮ እስከ ዛሬ በር ላይ ማቆማችሁ ምን የሚሉት አረመኔነት ነው ብሎ ተቆጣን፤ ቅድሚያ ተሰጥቷት በአስቸኳይ እንድትገባ ትእዛዝ ሰጥቶ ሄደ። ልናስረዳው ሞከርን። በማሽኑ ያለውን እንጂ በአፍ የሚነገረውን አልቀበልም አለ።

ቅዳሜ ገበያ አግኝቻት ይህን ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ፣ “እኔ አልቸኮልኩም በሏቸው፤ እጠብቃለሁ። ግን አያ ታከለ፣ እዚያ ዝናብ ላይ አቁማችሁኝ አትቅሩ፤ ቢያንስ ጃንጥላ መዝግቡልኝ” አለችኝ።

እኔ ቀልድ ላይ እንኳ ጥንቃቄ አላጎድልም፤ ሰኞ ቢሮ ስገባ ይቻል እንደሆነ ጸሐፊዋን ጠየቅኋት። ይቻላል አለችኝ፤ አዲስ የዕቃ ዓይነት ለመጨመር ግን ሦስታችሁም መገኘት አለባችሁ።